ስለ በዓላት፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ፍቅር ልብ ወለዶቼ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የፍቅር ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ከአንባቢዎች ብዙ ደብዳቤ ይደርሰኛል። ጥያቄዎቹ ሲሰበሰቡ ግን የሚዞሩት በሦስት ነገሮች ዙሪያ ነው፤ በዓል፣ ቤተሰብ፣ ታሪኮቹም ከየት እንደሚመጡ። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ መመለስ ስላልቻልኩ መልሶቼን እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። አንዳንዱን በአጭሩ አልፈዋለሁ። አንዳንዱ ደግሞ ሌሊት ሳስበው ያደርኩት ስለሆነ ይረዝማል።

ታሪኮችዎ ለምን ሁልጊዜ በበዓል ቀን ይጀምራሉ?

ባደግኩበት ቤት ማንም ለማንም «እወድሃለሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። እናቴና አባቴ 41 ዓመት በትዳር ኖረዋል። ያን ቃል ተባብለው ከሆነም እኛ ልጆቹ በሌለንበት ነው። ፍቅራቸውን የምናየው በዓመት በዓል ነበር። አባቴ በዋዜማው አዲስ ነጠላ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ምንም ሳይናገር ወደ ደጅ ይወጣል። እናቴ ነጠላውን ትዘረጋለች፣ ጥለቱን በጣቷ ትዳስሳለች፣ አጥፋ ታስቀምጠዋለች። በማግስቱ ለብሳው ስትወጣ እርሱ ከበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። በመካከላቸው የተባለው ነገር ይኸው ነበር፤ ሁላችንም ሰምተነዋል።

በዓል ዝም ብሎ የሚወድ ሰው ከተደበቀበት የሚወጣበት ቀን ነው። በአዘቦት ቀን «ሥራ በዛብኝ» ማለት ይቻላል። በበዓል ግን ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ፣ ማን ለማን ምን እንደላከ፣ የማን መቀመጫ ባዶ እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። የኩርፊያም የናፍቆትም ሂሳብ የሚታየው በዚያ ቀን ነው። ስለዚህ ገጸ ባሕርያቴ ሊሸሹ የማይችሉበትን ቀን እመርጥላቸዋለሁ።

ለፍቅር ታሪክ ከሁሉ የሚመቸው የትኛው በዓል ነው?

ለእኔ ጥምቀት ነው። ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ሌሊቱን እዚያው ያድራሉ፤ በማግስቱ፣ የሚካኤል ደግሞ ጥር 12፣ በዝማሬና በእልልታ ይመለሳሉ። በጎንደር የፋሲለደስ መዋኛ፣ በአዲስ አበባ ጃን ሜዳ፣ በገጠርም በየወንዙ ዳር ሕዝቡ ለሦስት ቀናት ያህል ደጅ ነው። ዩኔስኮ በዓሉን በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍረው ደስ ብሎኛል። እኔን የሚስበኝ ግን አንድ ሌላ ነገር ነው። ዓመቱን ሙሉ ከጓዳ ወደ ምንጭ፣ ከምንጭ ወደ ጓዳ የምትመላለስ ልጅ በዚያ ቀን ማንም ሳይከለክላት በሰው መካከል ትቆም ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው። ቀሚሱ የሚታየው ያን ቀን ነው፤ ልጅቷም የምትታየው ያን ቀን ነው።

አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ የጎንደር ሰው ነበረች። በልጅነቷ በጥምቀት ሕዝብ መካከል አንድ ሎሚ መጥቶ ትከሻዋን መታት። ዞር ስትል ጎረምሶቹ ሁሉ ይሳሳቃሉ፤ አንዱ ብቻ አልሳቀም። የወረወረው እርሱ መሆኑን በዚህ አወቀች። ሎሚውን አንስታ በመቀነቷ ቋጠረችው። እኔ ያየሁት ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ፣ በሙዳይዋ ውስጥ ነው፤ ጠቁሮ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ሲያነሱት ግን እንደ ላባ ይቀልላል፤ ወደ ጆሮ አስጠግተው ሲነቀንቁት ፍሬዎቹ ውስጡ ይንኳኳሉ።

ልጁን አላገባችውም። በ13 ዓመቷ አባቷ ለሌላ ሰው ዳሯት፤ እርሱም አያቴ ሆነ። «ደግ ሰው ነበር» ትል ነበር፤ አምናታለሁ። ሎሚውን ግን አልጣለችውም።

ይህን የምጽፈው ታሪኩ ስላማረ ብቻ አይደለም። ወጣት ጸሐፊዎች ከሚልኩልኝ ረቂቆች ውስጥ ጀግናው ልጅቷን በጥምቀት አይቷት በፈረስ ጠልፏት የሚሄድባቸው ይገኛሉ፤ እያለቀሰች ትወሰዳለች፣ ሁለት ምዕራፍ ሳያልፍ ትወደዋለች። ይህ የፍቅር ታሪክ አይደለም፤ ጠለፋ ወንጀል ነው፤ አያቶቻችን የተሸከሙት ሕመም ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ሲያደርግና የሁለቱንም ነፃ ፈቃድ ሲጠይቅ አያቴ በሕይወት አልነበረችም። በእኔ መጻሕፍት ውስጥ ሎሚ ይወረወራል፤ ማንሳትና አለማንሳት ግን የልጅቷ ነው። አንስታም ብትሆን ቀጣዩን ቃል የምትናገረው እርሷ ናት።

የካቲት ላይ ስለሚከበረው የፍቅረኛሞች ቀንስ ለምን አይጽፉም?

አንድ ጊዜ ጽፌአለሁ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 7 ወይም 6 ላይ ይውላል። በከተማችን ቀይ ልብስና ቀይ ጽጌረዳ ከተለመደ ዓመታት አልፈዋል፤ ወጣቶቹ ቢያከብሩት ቅር አይለኝም። አንድ የአጎቴ ልጅ ዝዋይ አቅራቢያ የአበባ እርሻ ውስጥ ትሠራ ነበር። አገራችን ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ ወደ ውጭ በመላክ የምትታወቅ ናት። ከሆለታና ከዝዋይ የሚቆረጠው ጽጌረዳ በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ ይሄዳል። ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ሥራው ይጠናል፤ ምክንያቱም አውሮፓ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ቀን አበባ ይሰጣጣል። እርሷ በግሪን ሃውሱ ውስጥ ግንዱን በርዝመት እየለየች፣ ቅጠሉን እየመለመለች፣ በእቅፍ በእቅፍ እያሰረች ትውላለች። «ስንቱን አሰርሽ?» ስላት ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችኝ፤ እሾህ የወጋቸው ጣቶች ነበሩ። ለእርሷ አበባ የሰጣት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ያን ታሪክ በአጭር ልብ ወለድ ጻፍኩት፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ የእርሻው ሹፌር የሚሰጣት ግን ጽጌረዳ አይደለም፤ የእጅ ቅባት ነው።

ገና፣ እንቁጣጣሽ፣ ቡሄስ?

ገና የወንዶች ጨዋታ በዓል ነው፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ ለፉክክር ትዕይንት ይጠቅመኛል። ቡሄ የልጆች ነው፤ ሙልሙሉም ጅራፉም ለእነርሱ ይቅር። ነሐሴ አጋማሽ ላይ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል የሚባለው የልጃገረዶች በዓል ግን አንድ ሙሉ መጽሐፍ ይገባዋል፤ ሰቆጣ ሄጄ ሳላየው ግን አልጽፈውም።

እንቁጣጣሽን የምወደው በሥዕሉ ነው። ወንዶች ልጆች በወረቀት ላይ አበባና መልአክ ስለው በየቤቱ ያድላሉ። ሁለተኛው መጽሐፌ የተጀመረው፣ በ10 ዓመቱ ለጎረቤት ልጅ የሰጣትን ሥዕል ከ20 ዓመት በኋላ በቤቷ ግድግዳ ላይ ባገኘ ሰው ነው።

ገጸ ባሕርያትዎ በጾም ወቅት ለምን ይለያያሉ?

አይለያዩም፤ ይጠብቃሉ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በጾም ሠርግ አይሠረግም። እንግዲህ ሁለት ሰዎች በቅበላ ሰሞን፣ ያ ሁሉ ሥጋ በሚበላበት ሳምንት፣ ከአንድ ማዕድ ተቀምጠው ዓይን ለዓይን ተያዩ እንበል። ሽማግሌ ለመላክ ቢቸኩሉ እንኳ ድግሱ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ይቆያል። የሌሎች አገሮች የፍቅር ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለቱን ሰዎች ለማራራቅ አለመግባባት ይፈጥራሉ፤ ደብዳቤ ያጠፋሉ፣ ሐሜት ያስገባሉ። ለእኔ የቀን መቁጠሪያው ይህን ሠርቶ ይሰጠኛል። መሰናክሉም ክፋት የለበትም፤ ሁለቱም ወደውና አምነው የሚጾሙት ጾም ነው።

ጾሙ ሲገፋ ፊት ይከሳል፣ ድምፅ ዝግ ይላል፣ ሰው ወደ ውስጡ ያያል። በሰሙነ ሕማማት መሳለም የለም፤ እጅ ለእጅ መጨባበጥ እንኳ ይቀራል። በአንድ መጽሐፌ ውስጥ ሁለቱ በስግደት መካከል በዚያ ሳምንት ይገናኙና ሰላምታ ሳይለዋወጡ ይተላለፋሉ። አንባቢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚጽፉልኝ ስለዚያ ገጽ ነው። ቀዳም ሥዑር ላይ በየራሳቸው ቄጤማ አስረው ሲተያዩ ደግሞ ምንም መጨመር አላስፈለገኝም።

በአማርኛ የፍቅር ንግግር ሲጻፍ ለምን ይከብዳል? የእርስዎ ሰዎች «እወድሃለሁ» አይሉም።

ከባድ የሚሆነው ከፊልም ትርጉም ስንነሳ ነው። አማርኛ የራሱ መንገድ አለው። የእኛ ሰው በልቡ ያስባል፤ «ልብ በል» እንላለን። የሚወደው ግን በሆዱና በአንጀቱ ነው። «ሆዴ» ይላታል፤ ሲያዝንላት ሆዱ ይባባል፤ ስትርቀው አንጀቱ ይላወሳል። ይህን ትቶ «ልቤ ለአንቺ ይመታል» የሚል ገጸ ባሕርይ በባዕድ አፍ እየተናገረ ነው።

ከዚህም በላይ አንድ ትልቅ ሀብት አለን፤ «እርስዎ»፣ «አንተ»፣ «አንቺ»። በእኛ ቋንቋ የመጀመሪያው የፍቅር ቃል ብዙ ጊዜ ተውላጠ ስም ነው። በሦስተኛው መጽሐፌ አንዲት የባንክ ሠራተኛ አንድን ደንበኛ ለአራት ወር «እርስዎ» ስትለው ትቆያለች፤ ሥራዋ ነው። በፋሲካ ዋዜማ ብሩን ቆጥራ ከሰጠችው በኋላ «እንኳን አደረሰዎ» ማለት ሲገባት «እንኳን አደረሰህ» አለችው። ሰውየው ብሩን ሳያነሳ ቆመ። ይህን ትዕይንት ስምንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ስለ ዓይኗ፣ ስለ እጇ መንቀጥቀጥ፣ ስለ ልቡ ምት ግማሽ ገጽ ነበረበት። ሁሉንም አወጣሁት፤ «ህ» ብቻ ቀረች።

በተቃራኒውም ይሠራል። ባሏን 15 ዓመት «አንተ» ስትል የኖረች ሚስት አንድ ጠዋት «ቁርስዎ ቀርቧል» ብትለው፣ በዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደተሰበረ አንባቢው ወዲያው ያውቃል።

የእርስዎ ወላጆች እንዴት ተገናኙ?

አባቴ ከእምድብር አካባቢ መጥቶ መርካቶ ውስጥ ክርና ቁልፍ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ ቀን ለጥለት የሚሆን አረንጓዴ ክር ፈልጋ መጣች። ያሳያትን ሁሉ «ይህ አይደለም» አለችው። «የቄጤማ አረንጓዴ ነው የምፈልገው፤ ይኼ የጎመን ነው።» በሳምንቱ እንድትመለስ ነገራት። ተመለሰች፤ አልተገኘም። ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ክሩ ባንኮኒው ላይ ነበር። ከየት እንዳመጣው እስኪሞት ድረስ አልነገራትም።

በተጋቡ በመጀመሪያው መስቀል ወደ አገሩ ይዟት ሄደ። ጉራጌ የትም ይሥራ የትም፣ ለመስቀል ይገባል። ሴቶቹ ለዚያ ቀን ዓመቱን ሙሉ በዕቁብ ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ ወንዱ ለበሬ ይቆጥባል። እናቴ ጉራጊኛ አታውቅም፤ የአባቴ እናት አማርኛ አታውቅም። እናቴ ከማታውቀው ቋንቋ መካከል፣ ከእሳቱ አጠገብ፣ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ያን ጊዜ አማቷ ክትፎውን በጣባ አድርጋ መጣች፤ ከልጇም ከባሏም አስቀድማ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእናቴ አጎረሰቻት። እናቴ ይህን ስትነግረኝ እጇን ወደ አፏ ታስጠጋለች፤ ከ40 ዓመት በላይ ያለፈው ነገር ትኩሱ እንዳለ ነው።

ብዙ ሰዎች ስለ አማትና ምራት ጠብ እንድጽፍ ይጠይቁኛል። እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ የምጽፈውም ይህን ነው።

የቤተሰብዎን ሰዎች በመጽሐፍዎ ውስጥ ያስገባሉ? ቅር አይላቸውም?

ብሎአቸዋል፤ በእኔ ጥፋት ነው። አንዲት አክስት አለችኝ፤ ሳታገባ የኖረች። በወጣትነቷ የታጨችለት ሰው ወደ ጦር ግንባር ሄዶ አልተመለሰም። በመጀመሪያው መጽሐፌ ውስጥ እንደ እርሷ የምትጠብቅ ሴት ጻፍኩ። ስሟን ቀየርኩ፣ ከተማዋን ቀየርኩ፣ የሱፍ ሹራቧን ግን አልቀየርኩም፤ እጅጌው ላይ በሌላ ቀለም ክር የተጠገነውን። አንብባ አወቀችው። እንቁጣጣሽ ላይ አልመጣችም። መስቀል አልመጣችም። ገናም ቀረች።

በከተራ ጠዋት ድፎ ዳቦ ይዤ ቤቷ ሄድኩ። በሩን ከፈተችልኝ፤ ቡና አፈላች። ይቅርታ ስጠይቃት ገመናዋን በማውጣቴ የተቆጣች መስሎኝ ነበር። ጉዳዩ ሌላ ነበር። በመጽሐፉ መጨረሻ ሰውየውን በፋሲካ ሌሊት አምጥቼዋለሁ።

«እርሱ አልመጣም» አለችኝ። «እኔም እርሱ ሳይመጣ ኖርኩ። የወንድሞቼን ልጆች አሳደግኩ፣ ቤት ሠራሁ፣ ለሰው ተረፍኩ። አንቺ ታሪኩን ወስደሽ ያለ እርሱ የኖርኩትን ዕድሜ አጠፋሽው።»

ሦስተኛው ስኒ እስኪጠጣ ድረስ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። ከቤተሰብ የወሰድኩትን ማንኛውንም ነገር ረቂቁ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ለባለቤቱ አነባለታለሁ፤ «አይሆንም» ካለ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ሰው ጠብቆ ያላገኘውን ነገር በቀላሉ አላመጣለትም። መጻሕፍቴ በደስታ ያልቃሉ፤ ያንን አልተውኩም። ደስታው ግን ሁልጊዜ በሠርግ አይመጣም።

ስለ ሙስሊም ቤተሰቦች የፍቅር ታሪክ ይጽፋሉ?

አንድ ጽፌአለሁ። በልጅነቴ የግቢያችን አጥር የሚለየን ከአንድ የወሎ ቤተሰብ ነበር። የእኛ ፋሲካ ሲሆን ከእናቴ ጓዳ ዳቦና የቡና ቁርስ ወደ እነርሱ ይሄዳል፤ ሥጋው በየእምነቱ ነው። ኢድ ሲሆን ከእነርሱ ብስኩቱና ጣፋጩ ይመጣል። የሒጅራው ዓመት ከእኛ በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ኢድ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል፤ አንድ ሰው በዕድሜው ኢድን በክረምትም በበጋም ያከብራል። በ2015 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች ተደራርበው ፋሲካና ኢድ አልፈጥር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲውሉ፣ ማታ ማታ አንዱ ሲያፈጥር አንዱ ሹሮውን ሲያወጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ረኀብ ይተዋወቅ ነበር። መጽሐፉን የጻፍኩት በዚያ ሰሞን ነው። ከማሳተሜ በፊት ያቺው የልጅነት ጎረቤቴ አንብባ ስለ ኒካሕ ያሳሳትኳቸውን ሁለት ቦታዎች አርማልኛለች።

ውጭ አገር ስለምንኖር ሰዎች ለምን አይጽፉም?

እየጻፍኩ ነው። ይህን የሚጠይቁኝ ከሁሉ የበለጡት በአረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ናቸው። አንዷ ከቤሩት እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፤ የእንቁጣጣሽ ዕለት የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ሆና፣ በሩን ዘግታ፣ ስልኳን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ እናቷ ዕጣን ስታጨስ ጭሱን በስክሪኑ ታያለች። «የእርስዎ ሴቶች ለበዓል ሁልጊዜ ቤታቸው ይደርሳሉ። እኔ አልደርስም።» ይህ ደብዳቤ የአሁኑን ሥራዬን ቀየረው።

ሌላው ያስተማረኝ የሰዓቱ ነገር ነው። መስከረም 1 አዲስ አበባ ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። እናት አዲሱ ዓመት ውስጥ ናት፤ ልጇ ገና ጳጉሜን ላይ ናት። «እንኳን አደረሰሽ» ስትላት ልጅቷ አልደረሰችም።

ከእስራኤል አንዲት አንባቢ ስለ ሲግድ እንድጽፍ ጠይቃኛለች፤ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ቤተ እስራኤል ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው የሚጸልዩበት በዓል። ጥያቄው ልቤ ውስጥ አለ። የአንድን ሕዝብ ናፍቆት ከሩቅ ሆኜ ብጽፈው ግን እንደ አክስቴ ታሪክ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ከእነርሱ መካከል የሚጽፉት ይቀድሙኛል።

ሐሳቡ ከየት ይመጣልዎታል?

ከጳጉሜን። ይህን ስል ሰዎች ምሳሌ የምናገር ይመስላቸዋል፤ እውነቴን ነው። አምስት፣ በየአራት ዓመቱም ስድስት ቀን ናት፤ የቤት ኪራይ የማይከፈልባት፣ የወር ደመወዝ የማይቆጠርባት። ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ አደይ ገና እንቡጥ ናት። በዓመት ውስጥ ያጠራቀምኩትን ማስታወሻ የማነብበው በዚያ ሳምንት ነው፤ የሚጻፈው ታሪክ የሚለየው በዚያ ሳምንት ነው።

ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው። የዚያ ቀን ዝናብ ጸበል ነው ተብሎ ሕፃናት ራቁታቸውን ይወጡበታል። አባቴ በኅዳር 2009 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ በመጣው ጳጉሜን፣ እናቴ በዚያ ዕድሜዋ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ግቢው መካከል ወጥታ ቆመች። እኔ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ፤ በእጇ መለሰችኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ቆማ ገባችና ልብሷን ቀየረች። በማግስቱ ጥቁሩን አጥባ አሰጣችው፤ መልሳ አልለበሰችውም። ከዚያ በኋላ የጻፍኳቸው ሁለት መጻሕፍት ሁለቱም ከዚያ ግቢ የወጡ ናቸው፤ ምንም እንኳ በአንዳቸውም ውስጥ ዝናብ ባይኖር።

ለጀማሪ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊ ምን ይመክራሉ?

ስለ እጅ ጻፉ። ዓይንን ሁሉም ጽፎታል። አንድ ሰው የሚወደውን ሰው በረከቦት ዙሪያ ሲያገኝ እጁን የት ያደርገዋል? ቄጤማውን ይጎነጉናል? ስኒው ሳይሞላ ይቀበላል? ድግስ ባለበት ቤት ውስጥ ደግሞ ከሳሎን ይልቅ ጓዳ ተቀመጡ፤ እውነቱ የሚወራው እዚያ ሽንኩርት ሲከተፍ ነው፤ ለእንባውም ምክንያት አይጠየቅም። በዓሉን በዕለቱ አትጻፉት፤ ዕቃው ሁሉ ታጥቦ ቤቱ ዝም ባለበት በማግስቱ ጻፉት። ስሕተቱን ለማረምም የምታነቡለት አንድ ታላቅ ሰው ይኑራችሁ።

አዲሱ መጽሐፍ መቼ ይወጣል?

ረቂቁ አልቋል። ለቤሩቷ አንባቢዬ ልኬላት እያነበበችው ነው፤ እርሷ ሳትጨርስ ወደ አርታዒዬ አይሄድም።

አሁንም በዓልን ከቤተሰብዎ ጋር ያሳልፋሉ? እናትዎ ደኅና ናቸው?

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ናት፤ 76 ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ግን ከምድጃ አጠገብ አያስቆማትም። ስለዚህ ባለፈው ፋሲካ ዶሮውን የገነጠልኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለቱን ብልት በሎሚና በጨው አጥቤ በጎድጓዳ ሳህን አቀረብኩላት፤ አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ምንም አላለችም፤ ልክ ነበር ማለት ነው።

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ስንቀመጥ እንደ ወትሮው ማውጫውን ተቀበለችኝ። በቤታችን ፈረሰኛው የአባቴ ነበር። ካረፈ ወዲህም በየዓመት በዓሉ ታወጣውና በትንሽ የሸክላ ሳህን ለብቻው ታስቀምጠዋለች፤ ሲነጋ በር ላይ ለሚመጣ ነዳያን ይሰጣል። ማናችንም ስለዚያ ሳህን ተናግረን አናውቅም። የወንድሜ ልጆች እንኳ ትንሾች ሆነው አይጠይቁም።

በዚያ ሌሊት ፈረሰኛውን አወጣችው፤ ሳህኑን ግን አላነሳችም። ጥቂት በማውጫው ላይ አቆይታ ከፊት ለፊቴ እንጀራው ላይ አደረገችልኝ።

«ብዪ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አለችኝ።